ሙከራው ለማን ነው? ስለ እጅ ስልክ የሙከራ እትሞች የቀረበ ሂስ

ማናቸውም ሥራ ወደ ገበያ ከመውጣቱ አስቀድሞ መፈተን እንደሚገባው የሚክድ የለም። ስለዚህ የእጅ ስልክ ሥርዓተ ክወና የሚሠሩ ኩባንያዎች ያልተጠናቀቀውን እትም «ቤታ» ብለው ለፈቃደኛ ሰው ማደላቸውን በመሠረቱ አንነቅፍም። የምንነቅፈው ሌላ ነው፤ ይኸውም ሞካሪው ምንም እንከን ቢያገኝ የመውጫው ቀን የማይነቃነቅ ከሆነ፥ ሙከራው ሙከራነቱ ቀርቶ ማስታወቂያ ብቻ ይሆናል።

ለዚህ አሳባችን ምስክር የምንጠራው የአፕልን አይ ኦ ኤስ 13 ነው። ይህ እትም እ.ኤ.አ. በጁን 3 ቀን 2019 በሳን ሆዜ በይፋ ተገለጠ፤ በዚያው ወር በ24 የሙከራው እትም ለሕዝብ ተሰጠ። የሞከሩት ሰዎች አፕሊኬሽኖች በድንገት እንደሚዘጉ፥ በአይክላውድ ያኖሩትም ሰነድ እንደሚሰወር አመለከቱ። በኦገስት 27 ደግሞ ያልተለመደ ነገር ታየ፤ 13 ገና ሳይወጣ የ13.1 ሙከራ ለፕሮግራም ሠሪዎች ታደለ። 13 በሴፕቴምበር 19 ወጣ፤ አይፎን 11 በማግስቱ ለሽያጭ ቀረበ። ከዚያም 13.1 በ24፥ 13.1.1 በ27፥ 13.1.2 በ30 ተከታተሉ። በ12 ቀን ውስጥ አራት እትም መሆኑ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለምን? በጁን ተስፋ የተሰጠበት የአይክላውድ አቃፊን የመጋራት አገልግሎት እንኳ የወጣው በማርች 2020 ነበር። እኛ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፥ ቀኑን የቈረጠው የሞካሪው ሪፖርት ሳይሆን የስልኩ ገበያ መሆኑን ነው።

ምናልባት አንድ ተከራካሪ «ማን አስገደዳችሁ? በሌላ ስልክ ሞክሩ፥ ሰነዳችሁንም አስቀድማችሁ ገልብጡ ተብሎ ተጽፎ የለምን?» ይለን ይሆናል። ማስጠንቀቂያው መጻፉ እውነት ነው። ነገር ግን ምክሩ የሚጠቅመው ሁለት ስልክ ላለው ሰው ነው። ትምህርቱን፥ ገንዘቡንና የቤተ ሰቡን ወሬ በአንድ ስልክ የያዘ ተማሪ ሌላውን ከየት ያመጣል? ወደ ቀድሞው እትም ልመለስ ቢልም ስልኩን መደምሰስ ግድ ይሆንበታል፤ በቤታው ላይ ሳለ ያስቀመጠው ቅጂም በአሮጌው እትም ላይ አይጫንለትም። ከ2023 ወዲህ ደግሞ፥ ቀድሞ በዓመት 99 ዶላር ይከፈልበት የነበረው የፕሮግራም ሠሪዎች ቤታ መለያ ላለው ሁሉ በነጻ ተከፍቷል። መግቢያው ሰፋ፤ መውጫው ግን እንደ ጠበበ ነው። ሪፖርት የላኩ ብዙ ፕሮግራም ሠሪዎችም መልስ አለማግኘታቸውን በአደባባይ ደጋግመው አማርረዋል።

እርግጥ ኩባንያው ከነገሩ አልተማረም አንልም። ብሉምበርግ በኖቬምበር 2019 እንደ ዘገበው፥ ያልበሰሉ ክፍሎች በውስጥ ሙከራ ጊዜ አስቀድመው ተዘግተው እንዲቈዩ፥ ሞካሪዎችም እየመረጡ እንዲከፍቷቸው ተወስኗል። ይህ መልካም ነው፤ የሚያሳየንም በቤት ውስጥ መጣራት የነበረበት ጕድለት ወደ ሕዝቡ ስልክ ወጥቶ እንደ ነበረ ነው።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ሕዝብን ሞካሪ የሚያደርግ ኩባንያ ለሪፖርቱ መልስ፥ ለሞካሪው የመመለሻ መንገድ ሊሰጥ፥ ከባድ እንከን በተገኘም ጊዜ ቀኑን ሊያራዝም ይገባዋል። እነዚህ እስኪሟሉ ድረስ አንድ ስልክ ብቻ ያላችሁ ጓደኞቻችን የተጠናቀቀውን እትም እንድትጠብቁ፥ ከወጣም በኋላ ጥቂት ሳምንታት እንድትታገሡ እንመክራለን።