የሽቦ ሸምቀቆና የሕዝብ አስተያየት፤ በስኮትላንድ የተደረገው ምክክር ሲመረመር

የስኮትላንድ ምክር ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በማርች 2024 ዓ. ም. የዱር አራዊትን አያያዝ የሚመለከት ሕግ አጸደቀ። በዚህ ሕግ መሠረት አውሬ የሚያዝበት የሽቦ ሸምቀቆ ከኖቬምበር 25 ቀን 2024 ዓ. ም. ጀምሮ ተከለከለ። ዌልስም ይህንኑ ክልከላ በኦክቶበር 2023 ዓ. ም. አስቀድማ በሥራ ላይ አውላ ነበር። የስኮትላንድ መንግሥት ሕጉ ከመጽደቁ በፊት፣ በ2023 ዓ. ም.፣ ለስድስት ሳምንታት ያህል የሕዝብን አስተያየት በጽሑፍ ጠይቆ ነበር። ከመላሾቹም የሚበዙት ክልከላውን ደገፉ። ይህ ምክክር ለሕዝብ ባሕል ጥናት ጠቃሚ ሰነድ ቢሆንም እንዴት ሊነበብ እንደሚገባው መመርመር ያሻል።

በመጀመሪያ፣ መላሾቹ የሕዝቡ ናሙና አይደሉም። መልስ የጻፈው ጉዳዩ የሚነካው ወይም ማኅበሩ ጻፍ ያለው ሰው ነው። በአንድ ወገን በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ የእንስሳት ወዳጆች አሉ፤ በሌላው ወገን በአደን ርስቶች ላይ ቀበሮ የሚከላከሉ ጠባቂዎችና ግልገል የሚጠብቁ በግ አርቢዎች አሉ፤ እነዚህም ቁጥራቸው ጥቂት ነው። ሥራው የሚያውቀው በጥቂቶች ዘንድ ሲሆን በብዛት መለካት ዕውቀቱን ከሚዛን ያወጣዋል። ነገር ግን ጥቂት መሆን ብቻውን ትክክለኛነትን አያስገኝም።

ሁለተኛው ነገር ስያሜው ነው። ወጥመድ የሚለው ቃል በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ከአደን አልፎ ተንኮልን የሚገልጽ ስለ ሆነ፣ የሚጠየቀው ሰው ገና ሳያስብ ፍርዱን በቃሉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ያገኘዋል። ይህን የተረዱት ጠባቂዎች የተሻሻለውን መሣሪያ «ርኅራኄ ያለው የገመድ መያዣ» ብለው ሰይመው፣ ይኸኛው በፈቃድ ይቅርልን ሲሉ ለምነዋል። ስያሜው ቢለወጥም መሣሪያው አውሬው ሲያልፍ አንገቱን የሚይዝ የሽቦ ቀለበት መሆኑ አልቀረም። ስለዚህ የሁለቱንም ወገን ቃል ትቶ የመሣሪያውን አሠራር መመልከት ይሻላል።

በዚህ ረገድ ያለፈው ሕግ ራሱ ምስክር ነው። ከተሳበ በኋላ የማይላላው ሸምቀቆ በ1981 ዓ. ም. ተከልክሏል። በ2011 ዓ. ም. የወጣው ሕግ ደግሞ አጥማጁ እንዲሠለጥን፣ መለያ ቁጥር እንዲይዝ፣ ሸምቀቆው ከልክ በላይ እንዳይጠብቅ ማቆሚያ እንዲኖረውና በየቀኑ እንዲጎበኝ አዟል። ይህ ሁሉ ሥርዓት አጥማጁን ጠንቃቃ ሊያደርገው ቢችልም ሽቦውን መራጭ ሊያደርገው አልቻለም፤ ለቀበሮ የተዘረጋው ባጀርን፣ ድመትንና ውሻን ጭምር ይይዛልና። የክልከላው ጠንካራ መሠረት ይህ እንጂ የመልሶቹ ብዛት አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚነቀፈው ግን ሁለተኛውን ጥያቄ ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ወረቀት ማቅረቡ ነው። ይኸውም የስኮትላንድ የእንስሳት ጭካኔ ተከላካይ ማኅበር ተቆጣጣሪዎች ሥልጣናቸው ይስፋ ወይ የሚለው ነው። በ1839 ዓ. ም. የተመሠረተው ይህ ማኅበር የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሆን፣ ተቆጣጣሪዎቹ በ2006 ዓ. ም. ሕግ መሠረት በሕይወት ያለ እንስሳ በሰው እጅ ሲሠቃይ ጣልቃ ለመግባት ይችሉ ነበር። በሸምቀቆ ውስጥ አውሬው ሞቶ ቢገኝ ወይም ሕገ ወጥ ወጥመድ ባዶውን ተዘርግቶ ቢያዩ ግን ማስረጃውን ለመያዝ ሥልጣን ስላልነበራቸው ፖሊስ መጠበቅ ግድ ይሆንባቸው ነበር። በሩቅ ተራራ ላይ ደግሞ ፖሊስ እስኪደርስ ማስረጃው ሊጠፋ ይችላል። የሥልጣን ማስፋቱ ምክንያት ይህ ነው።

ተቃዋሚዎቹም ያቀረቡት መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ሸምቀቆ እንዲከለከል በአደባባይ የተሟገተ ማኅበር እንዴት ያለ አድልዎ ይመረምራል ብለዋል። ይህ የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ ለቀበሮ ማዘንም ሆነ አለማዘን መልስ አይሆነውም። ሆኖም ሁለቱ ጥያቄዎች ጎን ለጎን ስለ ቀረቡ፣ ብዙው መላሽ ለእንስሳው ያለውን ርኅራኄ ለተቆጣጣሪው ሥልጣን እንደ ድጋፍ አድርጎ ሊያስተላልፈው ይችላል። የቀረበው ሐሳብ ሥልጣኑን ገድቦ፣ ተቆጣጣሪው በቀድሞው ሕግ ሥራ ላይ ሳለ ለሚያገኘው ማስረጃ ብቻ ማድረጉ የሚመሰገን ነው። ይህም ገደብ ቢሆን የራሱ ምክክር ሊደረግለት ይገባ ነበር።

እንግዲህ የሕዝብን አስተያየት የሚያጠና ሰው ከቁጥሩ ይልቅ ምክንያቱን ቢመዘግብ ይበጃል። ቁጥሩ የሚያሳየው ስንት ሰው መልስ እንደ ላከ ነው። ጠባቂው ስለ መንጋውና ስለ ቀበሮው የጻፈው፣ የእንስሳት ወዳጁ ስለ ሥቃዩ የጻፈው፣ ሕግ ዐዋቂው ስለ ሥልጣን ወሰን የጻፈው ግን አንድ ማኅበረ ሰብ ከአውሬውና ከሹሙ ጋር ያለውን ግንኙነት እንዴት እንደሚያስበው ይገልጻል። ክልከላው ከጸና በኋላም የጠባቂዎቹ ልማድ ሳይመዘገብ ከጠፋ፣ ለሚመጣው ተመራማሪ የሚተርፈው የአንዱ ወገን ቃል ብቻ ይሆናል።