ካሜራው ያላየው

ዘጋቢ ፊልም ኤዲት ማድረግ ለሚጀምሩ ልጆች ሁልጊዜ የማነሳላቸው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየውን ፊልም ነው። መነሻው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ ያዘጋጀውና ጥቅምት 1966 በአገሩ ቴሌቪዥን የቀረበው ዘገባ ነበር። ደርግ በረሃብተኞቹ ምስል መሃል የቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳይ ምስል አስገባበት። በማግስቱ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወረዱ።

ምስሎቹ ሐሰት አልነበሩም። ሕዝቡ ተርቧል፤ ግብዣውም ተደግሷል፤ መንግሥትም ረሃቡን ደብቋል። ሁለት ሾት ሲጋጠም ግን ሦስተኛ ነገር ይወለዳል፤ እሱን የሚናገረው ኤዲተሩ ነው። እዚህ ላይ መጋጠሚያው «እነዚህ የተራቡት እነዚያ ስለበሉ ነው» ይላል። ተመልካች ይህን ለማመን ሰከንድ አይፈጅበትም።

ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ግን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ድህነትና ረሃብ ባሳተመው መጽሐፍ የወሎን ጉዳይ መርምሯል። በረሃቡ ወቅት የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ያን ያህል አልቀነሰም፤ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋም ብዙ አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና አሥመራ እህል ይወጣ ነበር። የወሎ ገበሬ ግን አዝመራው ጠፍቶበት፣ ከብቱ አልቆበት፣ እህል የሚገዛበት አጣ። ይህ እንዴት ይቀረጻል? እህል ተዘርግቷል፣ ዋጋው ደህና ነው፣ አንድ ሰው ባዶ እጁን ዳር ቆሟል። የሚያስደነግጥ ነገር የለውም፤ የአዘቦት ገበያ ይመስላል። እንዲህ ያለ ሾት ቢገኝ እንኳ ኤዲት ሲደረግ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ለእኔ ግን የረሃቡ ዋና ምስል እሱ ነው።

ደርግ ራሱ መስከረም 1977 የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር ወሎና ትግራይ ተርበው ነበር። በቀጣዩ ወር ከኮረም የተቀረጸው የረሃብተኞች ምስል ዓለምን አዳረሰ። ያ የ1967 ፊልም ሰዉን በግብዣው አስቆጥቶታል፤ ረሃብ በምን መንገድ እንደሚመጣ ግን አላሳየውም። ስለዚህ ልጆቹን ፊልሙንም መጽሐፉንም በአንድ ሳምንት እንዲጨርሱ አደርጋለሁ፤ ቁጣውም ምክንያቱም አብረው እንዲገቧቸው።

ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ምስል ይገጣጥማል፤ የዓመታት ልዩነት ያላቸው ክሊፖች የአንድ ቀን ወሬ ሆነው ይደርሱናል። ልጆቹን ድምፁን አጥፍተው፣ ሾት በሾት እያቆሙ፣ የት፣ መቼ፣ ማን ቀረጸው የሚለውን እንዲጽፉ አዛቸዋለሁ። ወረቀቱ ላይ ባዶ የቀረው ቦታ መጠርጠሪያቸው ነው። እኔም ከማኅደር በወሰድኩት ሾት ሁሉ ላይ ቀንና ቦታ እጽፋለሁ። ዳይሬክተሮች «ስሜቱን ይሰብራል» ይሉኛል። ልክ ናቸው፣ ይሰብራል፤ ጽሑፉን ግን አላነሳውም።