«ለእኛ ለአሮጊቶቹስ?»

በሚያዝያ እኩለ ቀን ሸሕዲ ውስጥ ጥላ የማይፈልግ ፍጡር የለም። ሰው፣ ፍየል፣ ባጃጅ፣ ሁሉም ዛፍ ሥር ነው። እኔም ከአንዲት ሻይ ሻጭ ዳስ ገባ ብዬ ላቤን ስጠርግ፣ አጠገቤ አንዲት አዛውንት የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ከክትባት መመለሳቸው ነው፤ ካርዱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውታል። ሕፃኑ አልቅሶ አልቅሶ ደክሞት ተኝቷል።

«ምን አስከተቡት እማማ?» አልኳቸው።

«ለሳንባ ምች ነው አሉን። ምች ደግሞ በመርፌ ይከለከላል እንዴ ልጄ? በእኛ ጊዜ ዳማከሴ ነበር» አሉና ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። «ጎረቤቴን ባለፈው ክረምት የወሰዳት እሱ ነው አሉ። ሕፃናቱንስ ይከትባሉ፤ ለእኛ ለአሮጊቶቹስ ምን አለ?»

እኔ ደግሞ «አይ እማማ፣ እግዜር ይጠብቅዎት» ብዬ ሻዬን ፉት አልኩ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ጥያቄያቸው መልስ ያለው ጥያቄ ነበርና። ያንን መልስ እሳቸው ጆሮ ያላደረስነው እኛው ነን።

እስቲ ከስሙ እንጀምር። በእኛ ቋንቋ ምች ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገር አይደለም። ፀሐይ ላይ የዋለን፣ በላቡ ነፋስ ያገኘውን ሰው ምች ይመታዋል። የሚመታው እሱን ብቻ ነው፤ ዳማከሴ ታሽቶ ይሸተታል፣ ተጨምቆ ይጠጣል፣ በቃ። በሽታውን «የሳንባ ምች» ስንለው ከስሙ ጋር ይህንንም ሐሳብ አብረን አስገባነው። ስለዚህ ልጅ ሲያስለው «ብርድ መታው» እንላለን፤ ከማን ያዘው ብለን አንጠይቅም።

ነገሩ ግን ይተላለፋል። ከሳንባ ምች ዋነኛ አምጪዎች አንዱ ኒሞኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ ማጅራት ገትርም የጆሮ ሕመምም ያስከትላል። ዋና መኖሪያው ታዲያ ሳንባ አይደለም፤ አፍንጫና ጉሮሮ ነው። በተለይ የሕፃናት አፍንጫ። እንደ እኛ ባሉ አገሮች ደህና ከሚመስሉ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንድ ቦታ ከዚያም በላይ፣ ይዘውት ሊገኙ ይችላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳያደርጋቸው ሰንብቶ ይሄዳል። ሕፃን ግን ይሳማል፣ ይታቀፋል፣ ያስነጥሳል፣ አያቱ ጉያ ያድራል። አቅም ያነሰው ሰውነት ሲያገኝ ባክቴሪያው ወደ ሳንባ ወይም ወደ ደም ይዘልቃል። ለአያት ትልቁ የበሽታ ምንጭ አንዳንዴ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት የልጅ ልጅ ነው ማለት ነው።

ክትባቱ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ኒሞኮከስ ወደ መቶ የሚጠጉ ዓይነቶች አሉት፤ የሚለያዩትም በላያቸው በደረቡት የስኳር ልባስ ነው። ቀደም ሲል የነበረው የአዋቂዎች ክትባት ይህንኑ ልባስ ብቻ የያዘ ስለሆነ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እምብዛም አይረዳም፤ ባክቴሪያውንም ከአፍንጫ አያስለቅቅም። የሕፃናቱ ክትባት ግን ልባሱን ከፕሮቲን ጋር ያጣመረ ነው። የሕፃኑ ሰውነት በደንብ ይማረዋል፤ እንዳይታመም ብቻ ሳይሆን ባክቴሪያው አፍንጫው ላይ እንዳይሰፍርም ያግደዋል። ያልሰፈረ ደግሞ ወደ ሌላ ሰው አይሄድም።

አሜሪካኖች ይህን ዓይነት ክትባት ለሕፃናት መስጠት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድም መርፌ ያልተወጉ አዋቂዎችና አዛውንቶች ዘንድ ሳይቀር ከባዱ በሽታ ቀነሰ። «እነሱማ አሜሪካኖች ናቸው» የሚል ካለ ጎረቤታችንን ኬንያን ይይ። በባሕር ዳርቻዋ በኪሊፊ፣ አሥር ዓይነቶችን የሚከላከለው ክትባት እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ሲገባ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉትም በዘመቻ ተከተቡ። ከዚያ በፊት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶ 34ቱ እነዚህን ዓይነቶች በአፍንጫቸው ይዘው ይገኙ ነበር፤ ወደ 13 ወረደ። ክትባቱ ባልደረሳቸው ትልልቆችም ከ8 ወደ 4 ዝቅ አለ። መከተቢያቸው ገና ያልደረሰ ጨቅላዎች እንኳ ተረፉ።

እንግዲህ የእማማ መልስ ይኸው ነው፤ «መርፌው ለእርስዎም ነው።» ታዲያ በየግድግዳው የሚለጠፈው ምን ይላል? «ልጅዎን ያስከትቡ፤ ልጅዎን ከበሽታ ይጠብቁ።» ልጅዎን፣ ልጅዎን፣ ልጅዎን! ውሸት የለበትም፤ ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ክትባትን እንደ ግል ንብረት አድርጎ ያቀርበዋል። «የእኔ ተከትቧል፣ የጎረቤቴ የራሷ ጉዳይ» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ከዚሁ ነው። በሚተላለፍ በሽታ ግን የጎረቤት ጉዳይ የሚባል የለም።

ሌላው የሪፖርታችን ነገር ነው። አገራችን ይህን ክትባት የጀመረችው በ2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2011) ነው። ሕፃናት በተወለዱ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ይወስዱታል። ኋላም ከአሥሩ ዓይነት ወደ አሥራ ሦስቱ ተሸጋግረናል። የሚያኮራ ነው። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. ቤት ለቤት የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ሦስቱንም መርፌ የጨረሱት ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ካሉት ሕፃናት ከመቶ 49 ያህል ብቻ መሆናቸውን አሳየ። የስብሰባ አዳራሽ ሪፖርት ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ እጅግ ከፍ ያለ ቁጥር ይዞ ይቀርባል፤ ይጨበጨብለታል። ባክቴሪያው በአዳራሽ አይሰበሰብ ነገር! የሚኖረው ባልተከተቡት መካከል ነው።

ያልተከተቡት ደግሞ ማን እንደሆኑ ለመተማ ሰው አይነገረውም። ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋ የሚጎርፈው የቀን ሠራተኛ አለ። ልጇን አዝላ እርሻ ለእርሻ እንጀራ የምትጋግር እናት አለች፤ ስድስተኛውን ሳምንት በአንድ ወረዳ፣ አሥረኛውን በሌላ፣ አሥራ አራተኛውን የትም። የየትኛው ቀበሌ ዕቅድ ውስጥ ልትቆጠር? በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ በመተማ ዮሐንስ በኩል ካርዱን ቤቱ ጥሎ የገባው ሕዝብም አለ። በክልላችን የተነሳው ግጭት መንገዱን ሲዘጋው ደግሞ ክትባቱም ከታማሚው ጋር አብሮ መንገድ ላይ ይቀራል። ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት በዚህ ሐሩር ስንት ሰዓት ይጠብቃል? ስለዚህ «ሽፋናችን ይህን ያህል ደረሰ» ሲባል የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የቀሩት የት ናቸው? ተበታትነው ቢሆን በተከተቡት ከለላ ሊያድሩ ይችሉ ይሆናል። አንድ ካምፕ፣ አንድ መንደር ውስጥ ተሰብስበው ከሆነ ግን ባክቴሪያው እዚያ ቤቱን ሠርቷል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚህ አገር ስለ አረም ገበሬን ማስተማር ድፍረት ቢሆንም። ከሰሊጥ ማሳ አንዱን አረም ስትነቅል ቦታው ባዶ አይቀርም። አፍንጫም እንደዚያው ነው። ክትባቱ የሚከላከላቸው ዓይነቶች ሲለቁ ሌሎቹ ይሰፍሩበታል። አሜሪካ ውስጥ 19ኤ የተባለው ዓይነት እንዲህ ተስፋፍቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አዲሱ ክትባት መጨመር ግድ ሆነ። ይህን ይዞ «ታዲያ ምን ዋጋ አለው?» የሚል አይጠፋም። ዋጋማ አለው፤ በኪሊፊ አዲሶቹ ሰፋሪዎች ቢበረክቱም በሕፃናት ላይ ከባዱ በሽታ በእጅጉ ወርዷል። አረም ተመልሶ ይበቅላል ብሎ ማሳውን የሚተው ገበሬ የለም። ደጋግሞ ያያል እንጂ። እኛም ማየት አለብን፤ የትኛው ዓይነት እንደመጣ የሚለይ ላቦራቶሪ፣ ናሙና የሚወስድ እጅ፣ በየዓመቱ የሚጻፍ መዝገብ ያስፈልጋል። ክትባት አስገብቶ ማሳውን አለማየት ዘርቶ እንደመተኛት ነው።

ያን ቀን ባጃጅ መጣና እማማ ሕፃኑን አዝለው ሄዱ። ካርዱ ላይ የተሞላው የመጀመሪያው መርፌ ብቻ እንደነበር ያየሁት ሲነሱ ነው። ሁለት ቀርቶታል። «እማማ፣ ሁለቱንም እንዳይቀሩ፤ ለእርስዎም ነው» ብላቸው ኖሮ ምን ነበረበት?