ዓመት ከተጠራ «ሃዝ» አይገባም

የአስጎብኚ እንግሊዝኛ በፍጥነቱ ሲመዘን ማየት አንገፍግፎኛል። ልጁ ሐረር ጊደር መጋላ ገበያ መሃል ቆሞ ሳይደናቀፍ ከተናገረ፣ አነጋገሩም የፈረንጅ ከመሰለ፣ ቀጣሪውም አሠልጣኙም «እንግሊዝኛ ማለት ይሄ ነው!» ይላሉ። በራሪ ወረቀት የሚያሳትሙትም ያው ናቸው። ፎቶው ካማረ ጽሑፉን የሚያነብ የለም። እኔ ግን ስለ እንግሊዛዊው ተጓዥ የተጻፈው «ሪቻርድ በርተን ሃዝ ኤንተርድ ሐረር ኢን 1855» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጠዋለሁ።

ስለ ፊደል ግድፈት፣ ስለ «ሂ» እና «ሺ» መምታታት አልናገርም፤ ያንን ማንም ያየዋል። የትረካ እንግሊዝኛ የሚፈተነው ዓመቱ በተጠራበት ዓረፍተ ነገር ነው። ያለፈ ጊዜ በስሙ ከተጠራ ግሱ ሲምፕል ፓስት ይሆናል፦ ኤንተርድ፣ ኬም፣ ዳይድ። «በ1855»፣ «ትናንት»፣ «ከመቶ ዓመት በፊት»፣ «በራስ መኮንን ዘመን» ካለ በ«ሃዝ» እና በ«ሃቭ» የሚሠራው ፕረዘንት ፐርፌክት ቦታ የለውም። ገብቶ ካገኘሁት የቀረውን አላነብም። (ዓመቱ የአውሮፓ መሆኑም ይታይ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ ሐረር የመጣበትን የእኛን 1873 ለእንግዳ የሚናገር አስጎብኚ ሰውየውን በሰባት ዓመት ያሳስተዋል።)

ጥፋቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። በአማርኛ «ራምቦ በ1880 ሐረር ገብቷል» ቢባል የሚቆጣ የለም፤ «መጥቷል»ም «ሞቷል»ም ከዓመት ጋር ተስማምተው ይኖራሉ። ተማሪው «ሃዝ ካም» ማለት «መጥቷል» ነው ተብሎ ስለተማረ አማርኛውን እንዳለ ይዞት ይሻገራል። ፈረንሳይኛም አይከለክልም፤ «ኢል ኤ አሪቬ» ከዓመት ጋር ይሄዳል፤ አልቤር ካሙ በ1942 ያሳተመውን «ሌትራንዤ»ን የተረከው በዚሁ የግስ ጊዜ ነው። ሐረር ደግሞ ፈረንሳይኛን ከካፑቺን ሚሲዮናውያን የተማረች ከተማ ናት፤ ተፈሪ መኮንንም በልጅነታቸው ፈረንሳይኛ ያጠኑት እዚሁ ነው። ስለዚህ የድሮ ሰዎቻችን ወደ ስህተቱ የሚገፋቸው ቋንቋ ሁለት ነበር። በእንግሊዝኛ ግን አይሆንም። «አሜሪካኖች እንዲህ ይላሉ» የሚል ማመካኛም እሰማለሁ፤ የፒስ ኮር አስተማሪዎች በ1962 ኢትዮጵያ ሲገቡ ያመጡት አነጋገር በተቃራኒው ነው። እንግሊዙ «ሃቭ ዩ ኢትን የት» በሚልበት አሜሪካዊው «ዲድ ዩ ኢት የት» ይላል። አሜሪካኖች ወደ ፓስት ያዘነብላሉ እንጂ ከዓመት ጋር «ሃዝ» አይሉም።

ይህን የማጥበቀው ለሰዋስው ብዬ አይደለም። ትረካ የሚራመደው በፓስት ስለሆነ ነው። ግብጾች በ1875 ሐረር ገቡ፤ በ1885 ለቀው ወጡ፤ በጥር 1887 ምኒልክ አሚር አብዱላሂን ጨለንቆ ላይ አሸነፉ፤ ሐረር ገቡ፤ መኮንንን ሾሙ። ይህ በእንግሊዝኛ በፓስት ሲነገር እያንዳንዱ ግስ አድማጩን አንድ እርምጃ ያስኬደዋል፤ የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ ሳይነገረው ይሰማዋል። «ሃቭ ኤንተርድ፣ ሃቭ ሌፍት፣ ሃዝ ዲፊትድ፣ ሃዝ አፖይንትድ» ሲባል ግን ነገሩ የሥራ ማመልከቻ ላይ እንደሚደረደር ልምድ ይሆናል፤ ሁሉም ከዛሬ ጎን ቆሟል፣ ቀዳሚና ተከታይ የለውም። ጨለንቆን ያህል ነገር እንዲህ ሲነገር መስማት ያመኛል።

ሌላም ጉዳት አለው። «ራምቦ ሃዝ ሊቭድ ሂር» የሚባልለትን የራምቦ ቤት አስቡት። ስለ ሞተ ሰው እንዲህ ማለት ዓመት ባይጠራም ስህተት ነው። ግን አስጎብኚው «ሃዝ» ስላለ ዓመት መጥራት ቀረለት፤ እንግዳውም አይጠይቅም። «ሊቭድ» ቢል ኖሮ «መቼ?» መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ራምቦ በ1880 መጨረሻ ለባርዴ የንግድ ቤት ሊሠራ መምጣቱን፣ በ1891 ታሞ በቃሬዛ ከሐረር መውጣቱንና በዚያው ዓመት ማርሴይ ላይ መሞቱን መናገር ግድ ይሆናል። ዛሬ የሚጎበኘውን ያማረ ሕንፃ ደግሞ ከእርሱ በኋላ ያሠራው አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። የተበላሸው ግስ ይህን ሁሉ ሸፍኖት ነበር።

«መቼ?» የሚለውን ጥያቄ የወረስኩት ጋሼ እያልን ከምንጠራቸው ሽማግሌ አስጎብኚ ነው። ተለማማጅ ሲተርክ ዝም ብለው ያዳምጡና «ሃዝ» የሚለውን ሲሰሙ ከዘራቸውን አንሥተው «መቼ?» ይሉታል። ልጁ ዓመቱን ከተናገረ ጥፋቱን በራሱ አፍ አጋለጠ፤ እንደገና ይጀምራል። እሳቸው ራሳቸው ግን «ሃዝ»ን ይወዱት ነበር፤ ቦታውን ስለሚያውቁ። ከጀጎል ግንብ ሥር ቆመው «ዚስ ዎል ሃዝ ስቱድ ፎር ሞር ዛን ፎር ሰንቸሪስ» ብለው ይጀምራሉ፤ ግንቡ ዛሬም ቆሟልና ትክክል ነው። ወዲያው «ኤሚር ኑር ቢልት ኢት» ብለው ወደ 16ኛው ክፍለ ዘመን ይወርዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ታሪኩ እስኪያልቅ አንድም «ሃዝ» ከአፋቸው አይወጣም። እንግዶቹ ፀሐዩ እየከረረ እንኳ ከቆሙበት አይነቃነቁም ነበር። እንግሊዝኛቸው ዝግ ያለ፣ አነጋገራቸውም የሐረር ነበር። ዛሬ ቢሆን ቀጣሪዎቹ የሚመርጡት ፈጣኑን ልጅ ነው።

አንዲት የእንግሊዝኛ መምህራችንም በርተን በ1856 ያሳተመውን የሐረር ጉዞ መጽሐፍ እያስነበቡ ግሶቹን በእርሳስ ያሰምሩን ነበር። ሰውየው ስለ ሕዝባችን የጻፈውን ንቀት አይወዱትም፤ በቁጣ ይናገሩበት ነበር። ግሱን ግን ከእርሱ ተማሩ ይሉናል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሕጉን በግማሽ የሰሙ ሰዎች ደግሞ «ሃዝ»ን ከወረቀቱ ሁሉ ይነቅሉታል። ከዚያ «ጀጎል ኢዝ ኤ ወርልድ ሄሪቴጅ ሳይት ሲንስ 2006» የሚል ይወጣል። ይህም ውድቅ ነው። ዩኔስኮ ጀጎልን የመዘገበው በ2006 ስለሆነ ለምዝገባው «ዋዝ ኢንስክራይብድ ኢን 2006» ይባላል፤ ቅርስነቱ ግን ከዚያ ጀምሮ እስከ ዛሬ ስለዘለቀ «ሃዝ ቢን … ሲንስ 2006» ነው። ዓመቱ አንድ፣ ግሱ ሁለት። ወረቀት ስትረከቡ መጀመሪያ 2006ን ፈልጉ፤ ጸሐፊው እነዚህን ሁለቱን ካልለየ ሒሳቡን ሳትከፍሉ መልሱለት።