ክትፎ በነጭ አምፖል

አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ምግብ ቤት ሲከፈት ገንዘቡ የት እንደገባ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ወንበሩ ጥሩ ነው። ወለሉ ያብረቀርቃል። ኮርኒሱ ጂፕሰም ሆኖ ሦስት አራት ደረጃ ወጥቶለታል። ከዚያ ያው ኮርኒስ እንደ ወንፊት ይበሳና አርባ ሃምሳ ነጭ አምፖል ይደረደርበታል፤ ጠርዝ ጠርዙን ደግሞ ሰማያዊና ሐምራዊ መብራት ይዞረዋል። ቤቱ ቦግ አለ! እንግዲህ ሰው "እስቲ ተረጋግተን እናውራ" ብሎ የሚቀጣጠረው እዚህ ነው።

ኧረ ለመሆኑ በዚህ ብርሃን ማን ምን ያወራል? መብራት ከአናት ቀጥ ብሎ ሲወርድ የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል፤ የሃያ አምስት ዓመቷ ወጣት ሦስት ሌሊት ስታስታምም ያደረች ትመስላለች። ምግቡም አይተርፍም። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል። ሻማ ከ2000 በታች ነው፣ የድሮው አምፖል 2700 ገደማ፣ ገበያውን የሞላው ነጩ ደግሞ 6500። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል። በዚያ ላይ ርካሽ ኤልኢዲ ቀይ ቀለምን በወጉ አያሳይም። የኛ ገበታስ ምንድን ነው? በርበሬ፣ ቅቤ፣ ሥጋ! ዶሮ ወጡ ጭቃ ይመስላል። ክትፎው ጥሬ ይሁን ለብለብ፣ ትኩስ ይሁን ያደረ፣ በዓይን መለየት ያስቸግራል። ይሄ እንግዲህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ባለቤቶቹን ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፤ "ቆጣቢ ነው" ይሏችኋል። በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሲጠፋ ስለ ቆጣቢ አምፖል ያልሰማ አልነበረም፤ "ቆጣቢ ማለት ነጭ" የሚለው እምነት ከዚያ ወዲህ ሥር የሰደደ ይመስለኛል። ቁጠባው እውነት ነው። የድሮው 60 ዋት አምፖል ከሚወስደው ኃይል ከ90 በመቶ በላዩን ሙቀት አድርጎ ይጥለዋል፤ ኤልኢዲ ያንኑ ብርሃን በ8 ወይም በ9 ዋት ይሰጣል። ታሪፉ በ2011 ዓ.ም. ከዚያም በ2017 ዓ.ም. ተከልሷልና ነጋዴው ቢል ቢያስፈራው አልፈርድበትም። ነገር ግን ቢጫውም ኤልኢዲ የሚወስደው ከነጩ ጋር ተቀራራቢ ነው። ቆጣሪውን የሚያስሮጠው የአምፖሉ ብዛት ነው። አርባ ባለ 7 ዋት አምፖል 280 ዋት ይመጣል። አሥራ ሁለት ጠረጴዛ ላለው ቤት በየጠረጴዛው ላይ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ ባለ 5 ዋት 60 ዋት ነው፤ ለግድግዳው ስድስት ባለ 4 ዋት ጨምሩበት፣ 84 ዋት። ታዲያ ቆጣቢው የቱ ነው?

ፈረንጆቹ ይህን የተረዱት ቆየት ብለው ነው። ኒውዮርክ ውስጥ በ1959 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን ፎር ሲዝንስ የተባለ ምግብ ቤት መብራት የነደፈው ሪቻርድ ኬሊ፣ ብርሃንን በሦስት ይከፍል ነበር፤ ቤቱን በስሱ የሚሞላ፣ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍና ዓይን የሚያጫውት። የኛ ኮርኒስ የመጀመሪያውን ብቻ ያውቃል፣ እሱንም አብዝቶ።

ለኛ ደግሞ መላው ይቀላል። አንድ ትሪ ዙሪያ ተሰብስበን ነው የምንበላው። ብርሃኑ ትሪው ላይ ካረፈ ከእንጀራው አንጸባርቆ ወደ ፊታችን ይመለሳል፣ የአናቱን ጥላ ያለሰልሳል፤ ጎረቤት ጠረጴዛው ደብዘዝ ስለሚል የነሱን ጉርሻ እኛ አንቆጥርም፣ የኛንም እነሱ። ጨለማ ይሁን እያልኩ አይደለም። ሜኑ በሞባይል ባትሪ የሚነበብባቸው ቤቶችም አሉ፣ እነሱንም ይማራቸው!

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት፣ ፀሐይ በመስኮት እየገባች፣ አስተናጋጇን "እህቴ፣ እባክሽ ይሄን ከላያችን ያለውን ብታጠፊልን?" አልኳት። "ጋሼ፣ ማብሪያው አንድ ነው፤ እሱን ካጠፋሁት ሁሉም ይጠፋል" አለችኝ፣ እውነቷን ነው። ኤሌክትሪሻኑ ገመድ ሲዘረጋ የመስኮቱን በኩል ለብቻ፣ የጓዳውን በኩል ለብቻ፣ የግድግዳውን ለብቻ አድርግ የሚለው ሰው አላገኘም። ግድግዳው ሳይለሰን ቢታሰብ ጭማሪው ጥቂት ሜትር ሽቦና ሁለት ማብሪያ ማጥፊያ ነበር።