የሚያፈሰው ቧንቧ

ጂዮ ቤቢ እ.ኤ.አ. በ2021 በማላያላም ቋንቋ ባወጣው «ዘ ግሬት ኢንዲያን ኪችን» ፊልም ውስጥ የሚጮህ ክፉ ሰው ብትፈልጉ ቶሎ አታገኙም። ኬራላ ውስጥ ዳንስ የምትወድ አንዲት ሴት ታገባለች፤ ከዚያ መክተፍ፣ መፍጨት፣ ማብሰል፣ ማጠብ። ነገም ያው። ኮድ ለምጽፈው ለእኔ ይሄ መውጫ ያልተጻፈለት ሉፕ ነው።

የባሏ አባት በጣም ጨዋ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሩዙ በእንጨት እሳት እንዲበስል፣ ልብሱ በማሽን እንዳይታጠብ ይጠይቃል። የፊልሙ ብርታት እዚህ ጋ ነው፤ ትእዛዝ በልመና ድምፅ ሲመጣ እምቢ ያለችው ባለጌ ትመስላለች። ባልየው ደግሞ የሚያፈሰውን የዕቃ ማጠቢያ ቧንቧ የሚጠግን ሰው መጥራት ሁሌ «ይረሳል»። ካሜራው ግን አይረሳም፤ ያንን ቆሻሻ ውሃ ደጋግሞ ያሳየናል።

የመጨረሻው የዳንስ ትዕይንት አላሳመነኝም፤ ድሉ በዛብኝ። እውነቱን የሚናገረው ሌላ ትዕይንት ነው፦ እሷ ጥላው ከሄደች በኋላ ባልየው ሌላ ሴት ያገባል፤ አዲሷ ሚስትም ያንኑ ሥራ ትጀምራለች። ቤቱ አልተነካም። የተቀየረችው እሷ ብቻ ናት።