ካርዱ ሞቷል ከመባሉ በፊት

ሞዱላር ስዊች በአንድ ቻሲስ ውስጥ ተደርድረው የሚሠሩ ካርዶች ስብስብ ነው። ከኋላ ሁሉንም የሚያገናኝ ባክፕሌን አለ፤ ከፊት በየስሎቱ ካርዶቹ ይሰካሉ። ከካርዶቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ሱፐርቫይዘር ናቸው፤ ሌሎቹን የሚያስነሱ፣ የሚከታተሉና ሲያስፈልግም የሚያጠፉ እነሱ ናቸው። የቀሩት ኬብልና ፋይበር የሚቀበሉ የፖርት ካርዶች ናቸው። ከእነዚህ ሌላ ሁለት ፓወር ሰፕላይና የፋን ሳጥን ይኖራሉ። ሲስኮ እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበያ ያቀረበው ካታሊስት 6500 የዚህ ዓይነቱ ስዊች በሰፊው የታወቀ ምሳሌ ነው። ከዚህ በታች የሚነገረውም በአብዛኛው እሱን የተከተለ ነው። የሌሎች አምራቾች ስዊች ትእዛዙና የመብራቱ ቀለም ቢለይም የብልሽቱ ጠባይ ብዙ አይርቅም።

ከደብረ ማርቆስ በአማኑኤል በኩል ወደ ደምበጫ በሚያልፈው የአስፋልት መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች ለአንድ ቢሮ የሚበቃው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትንሽ ስዊች ነው። እሱ ሲበላሽ ምርመራ ብዙም አያስፈልገውም፤ አውጥቶ መቀየር ነው። ቻሲስ ያለው ስዊች የሚቀመጠው ብዙ መስመር በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ማዕከል፣ በቴሌኮም ጣቢያ፣ በዳታ ማዕከል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ወረዳኔት የወረዳ አስተዳደሮችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ማገናኘት ሲጀምር፣ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም በ1999 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ሲጀምር፣ የኔትወርክ ሥራ በምሥራቅ ጎጃም የዕለት ተዕለት ጉዳይ ሆነ። እንደ ማቻከል ወረዳዋ አማኑኤል ያለች ከተማ ከሩቅ ማዕከል አገልግሎት ስትጠብቅ፣ በዚያ ማዕከል ውስጥ የአንድ ካርድ መቆም እሷም ዘንድ ይሰማል።

መለዋወጫ ካርድ በቅርብ በሚገኝበት ቦታ ምርመራና ቅየራ አንድ ናቸው፤ ባለሙያው ካርዱን ይነቅላል፣ ሌላ ይሰካል፣ ከሠራ ሥራው አለቀ። ካርዱ ከአዲስ አበባ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ የሚመጣ ከሆነ ግን ስሌቱ ይለወጣል። ደህና ካርድ «ሞቷል» ተብሎ ተነቅሎ ይላካል፤ ተተኪው ደርሶ ሲሰካ እሱም አይነሳም። ያን ጊዜ ሁለት ካርድ ተጠርጥሮ ጥፋቱ አልተገኘም ማለት ነው። ስለዚህ በደጋው የሚሠራ ባለሙያ ከሁሉ በፊት ሊለምደው የሚገባው፣ እጁን ከካርዱ ማስወጫ ላይ አንሥቶ መጀመሪያ ማንበብ ነው።

የሚነበበውም ቶሎ የሚጠፋው ነው። አብዛኛው የስዊች ሎግ የሚኖረው በሜሞሪ ውስጥ ስለሆነ፣ ስዊቹ ጠፍቶ ሲበራ አብሮ ይጠፋል። «አጥፍተህ አብራው» የሚለው ምክር አንዳንዴ አገልግሎቱን ይመልሳል፤ ማስረጃውን ግን ያጠፋል። በኮንሶል ኬብል ተገናኝቶ «ሾው ሎጊንግ»፣ «ሾው ሞዱል»፣ «ሾው ፓወር»፣ «ሾው ኢንቫይሮንመንት»፣ «ሾው ዲያግኖስቲክ ሪዘልት» የሚሉትን ትእዛዞች በተራ ሰጥቶ ውጤቱን በላፕቶፕ ላይ ማስቀመጥ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። አለቃ ከኋላ ቆሞ «መቼ ነው የሚመለሰው?» እያለ ሲጠይቅ እነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ይረዝማሉ፤ ቢሆንም ከሥራው ሁሉ የበለጠ ዋጋ ያላቸው እነሱ ናቸው።

በ«ሾው ሞዱል» ውጤት ላይ ከካርዱ አጠገብ የሚጻፈው ቃል ግማሽ ምርመራ ነው። ስዊቹ ካርዱን አላውቀውም ካለ፣ ከካርዱ ጤንነት በፊት ሶፍትዌሩ መታየት አለበት፤ ለዚያ ካርድ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ የሶፍትዌር እትም ካልተጫነ ፍጹም ጤነኛ ካርድ እንግዳ ሆኖ ይቀራል። አሮጌውን ከአዲሱ ማደባለቅም እንዲሁ ነው። ሱፐርቫይዘር 720 የተባለው ካርድ ጠንካራውን የፋን ሳጥንና ቢያንስ 2500 ዋት የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ይፈልጋል፤ በቀድሞው ፋን በሚሠራ ቻሲስ ውስጥ ብቻውን ቢገባ ችግር መፍጠሩ አይቀርም። የራስ ፍተሻው ወድቋል የሚል ቃል ከታየ ግን ጥርጣሬው ወደ ካርዱ ያጋድላል። ካርዱ ኃይል ተከልክሏል የሚል ከሆነ ደግሞ ካርዱ ከክሱ ነፃ ነው ማለት ይቻላል።

ኃይል መከልከል በብዛት በስህተት ከሚነበቡት ምልክቶች ዋናው ነው። ሱፐርቫይዘሩ ለእያንዳንዱ ካርድ የሚያስፈልገውን ዋት አስቀድሞ ይይዛል፤ ቋቱ ካልበቃ ካርዱን አያስነሳም። ሁለቱ ፓወር ሰፕላይ ኃይላቸውን ደምረው እንዲሰጡ ተዋቅረው ከሆነና አንዱ ከጠፋ፣ ስዊቹ ከፍተኛ ቁጥር ካለው ስሎት ጀምሮ ካርዶችን ያጠፋል፤ ሱፐርቫይዘሮቹን ግን ያልፋቸዋል። ከካታሊስት 6500 ሞዴሎች አንዱ በሆነው በ6509 ላይ ከፍተኛው ቁጥር የታችኛው ስሎት ነው። እንግዲህ ከታች ያለው ካርድ መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር «እየሞተ» ሲያስቸግር፣ ሦስት ጊዜ ተቀይሮም ያው ሲሆን፣ ጥፋቱ ከካርዱ ሳይሆን ከሒሳቡ ነው። ትክክለኛው ውቅር አንዱ ፓወር ሰፕላይ ቢወድቅ ሌላው ብቻውን ሁሉንም እንዲችል ማድረግ ነው፤ ይህ የማይቻል ከሆነ በቻሲሱ ውስጥ ካርድ በዝቷል።

የሚገባው ቮልቴጅም የሒሳቡ አካል ነው። ለ3000 ዋት የተሠራ የካታሊስት ፓወር ሰፕላይ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው በ220 ቮልት ክልል ነው፤ በ110 ቮልት ክልል 1400 ዋት ብቻ ይሰጣል። በኢትዮጵያ መደበኛው 220 ቮልት ስለሆነ ነገሩ የማያሳስብ ይመስላል። ሆኖም በመስመሩ ጫፍ ባለ ከተማ ምሽት ላይ ቮልቴጁ ሲወርድ፣ ወይም ያረጀ ዩፒኤስ ጭነት አልችል ሲል፣ ፓወር ሰፕላዩ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። ሁለቱን ፓወር ሰፕላይ በአንድ ዩፒኤስ ላይ፣ ይባስ ብሎም በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት የተለመደ ስህተት ነው። በወረቀት ሁለት የሆነው መጠባበቂያ በተግባር አንድ ይሆናል። መልቲሜትር ይዞ ሶኬቱን መለካት ከየትኛውም ትእዛዝ የሚቀድምበት ቀን አለ።

የመብራት መቆራረጥ ሌላ፣ ይበልጥ የተሸሸገ ጠባይም አለው፤ አዲስ ብልሽት ሳይፈጥር አሮጌውን ያጋልጣል። ሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳወቀው፣ አንድ አቅራቢ በ2005 እና በ2010 መካከል ያመረታቸው የሜሞሪ ክፍሎች ያሉባቸው አንዳንድ ዕቃዎች ሳይጠፉ እስከሠሩ ድረስ ደህና ይሠራሉ፤ ጠፍተው ሲበሩ ግን ሳይነሱ ሊቀሩ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በአንድ የሰዓት ምልክት ሰጪ ክፍል ላይ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ከ18 ወር አገልግሎት በኋላ የመውደቅ ዕድሉ ይጨምራል ተባለ። እነዚህን የአምራች ማስታወቂያዎች ያላነበበ ሰው ከመብራት መቆራረጥ በኋላ ሳይነሳ የቀረን ካርድ «ኤሌክትሪክ መታው» ብሎ ይደመድማል። ድምዳሜው ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን የካርዱን ሞዴልና የተመረተበትን ዘመን ከማስታወቂያው ጋር ማመሳከር ምንም ወጪ የለውም፤ አምራቹ በነፃ የሚቀይረው ሊሆንም ይችላል። መብራት በቀን ብዙ ጊዜ በሚሄድበት አገር እንዲህ ያለው ደካማ ካርድ ቶሎ ይለያል፤ ዓመታት ሳይጠፋ በሚሠራ ማዕከል ውስጥ ግን እስከ መጀመሪያው እድሳት ድረስ ተደብቆ ይቆያል።

ካርዱ ተነሥቶ ቆይቶ ብቻውን የሚጠፋ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ሱፐርቫይዘሩ በየጊዜው ካርዶቹን እንደ ክፍል አስተማሪ ስም ይጠራል፤ «አለሁ» ያላለውን ካርድ አጥፍቶ ያስነሳዋል፣ ነገሩ ከተደጋገመም ጠፍቶ እንዲቀር ይተወዋል። ዝምታ ግን የሞት ማረጋገጫ አይደለም። በኔትወርኩ ውስጥ ትራፊክ በክብ የሚዞርበት ሉፕ ተፈጥሮ ሱፐርቫይዘሩ ራሱ በሥራ ከታፈነ ጥሪና መልስ ሁለቱም ይዘገያሉ። አንድ ካርድ ብቻውን ዝም ካለ ካርዱንና ስሎቱን መጠርጠር ያስኬዳል፤ ብዙ ካርዶች በአንድ ሰዓት ዝም ካሉ ግን ሱፐርቫይዘሩን፣ ባክፕሌኑን ወይም ትራፊኩን መመርመር ነው። ለዚህም ነው ሰዓቱ በትክክል የተሞላ ስዊች ከሌላው የሚመረጠው፤ ክስተቶቹን ከመብራት መጥፊያ ሰዓት ጋር ማገናኘት የሚቻለው በእሱ ብቻ ነው።

በሎግ ውስጥ የፓሪቲ ስህተት የሚል መልእክት ሲገኝ ብዙዎች ወዲያው ቅየራ ይጠይቃሉ። ፓሪቲ በሜሞሪ ውስጥ ያለ አንድ ቢት ሳይታሰብ መገልበጡን የሚያሳውቅ ቁጥጥር ነው። ሁለት ዓይነት መንስኤ አለው። አንዱ የሜሞሪው መበላሸት ነው። ሌላው አላፊ ነው፤ ከሕዋ የሚመጡ ጨረሮች ከአየር ጋር ሲጋጩ የሚፈጠሩ ኒውትሮኖች ቺፑን መትተው ቢቱን ይገለብጡታል፣ ቺፑ ራሱ ግን አይጎዳም። የእነዚህ ኒውትሮኖች ብዛት ከባሕር ጠለል ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር በፍጥነት ይጨምራል፤ ከላይ የሚከልለው አየር ይሳሳልና። የምድር መግነጢስ ለምድር ወገብ አካባቢ የሚሰጠው ከለላ ጭማሪውን በከፊል ያለዝበዋል። ቢሆንም እንደ ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ያለ ሜሞሪ ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ይበልጥ ይመታል። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የታየ የፓሪቲ ስህተት ካርዱን ዳግም አስነሥቶ አንድ ሁለት ቀን መከታተልን ይጠይቃል፤ በዚያው ካርድ ላይ ከተደገመ ካርዱ ይቀየራል።

ከፍታው በሙቀት ላይም ይሠራል፤ እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። አማኑኤል ብርዳማ ናት፣ ስለዚህ ስዊች አይግልም የሚል እምነት አለ። ፋን የሚያቀዘቅዘው በአየር ክብደት ነው፤ በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው ሩብ ያህል ስለሚቀል፣ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያነሣው ሙቀት ያንሳል። ቅዝቃዜው ጉድለቱን ይክሳል፣ መስኮቱ እስካልተዘጋና ክፍሉ እስካልታፈነ ድረስ። መስኮት ሲከፈት ደግሞ የበጋው አቧራ ይገባል፤ የካርዶቹን መሐል ደፍኖ አንዱን ካርድ ብቻ ያግላል። ሙቀቱ ከከፍተኛው ገደብ ሲያልፍ ሱፐርቫይዘሩ ያን ካርድ ያጠፋዋል፤ በርዶ እንደገና ሲበራ ደህና ይሆናል። ጠዋት ሠርቶ ከቀትር በኋላ የሚጠፋ ካርድ እንዲህ ይነበባል። ባዶ ስሎቶችን በመክደኛቸው መዝጋትም ችላ የሚባል ነገር ነው፤ ክፍት ከተተዉ አየሩ በእነሱ በኩል ይወጣና ካርዶቹ ጋ አይደርስም።

ይህ ሁሉ ከተነበበና ጥርጣሬው አሁንም በካርዱ ላይ ካረፈ፣ ነቅሎ የመሰካት ተራ ይደርሳል። የእጅ አንጓ ማሰሪያው ከቻሲሱ ጋር ይያያዛል፤ በደረቁ የበጋ ወራት፣ በተለይ ምንጣፍ ባለበት ክፍል፣ ሰውነት የሚያጠራቅመው ኤሌክትሪክ ባለቤቱ ሳይሰማው ቺፕ ለመጉዳት ይበቃል። ካርዱ ከወጣ በኋላ በእጅ ባትሪ ባክፕሌኑ ይታያል። የተጣመመ አንድ ፒን ካለ ሥራው እዚያው ይቆማል፤ በዚያ ስሎት ደህና ካርድ መሞከር ሁለተኛውንም ማበላሸት ነው። ይህን ሳያይ «በሌላ ካርድ እስቲ ልየው» የሚል ባለሙያ መለዋወጫውን ያጣል።

ካርዱን መልሶ ማስገባት በእርጋታ የሚሠራ ሥራ ይመስላል፤ በአሮጌዎቹ ካርዶች ላይ ግን ዘገምተኛ እጅ ጉዳት አለው። የካርዱ ፒኖች ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጃጅሞቹ መጀመሪያ ሲነኩ ስዊቹ የጋራ መስመሩን ለአፍታ ያስቆማል፣ ካርዱ ሙሉ በሙሉ ሲቀመጥ ይለቀዋል። በመሐል እየተወዛወዘ የቆየ ካርድ መስመሩን አስሮ የሌሎቹንም ካርዶች ትራፊክ ሊያቆም ይችላል። በአንድ ወጥ ግፊት ማስገባት፣ ሁለቱን ማስወጫዎች እኩል መዝጋት፣ ከዚያ ብሎኖቹን ማጥበቅ ነው። «የሞተ» ካርድ በዚህ ብቻ የሚነሳበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ከአዲስ አበባ በመኪና ተንገጫግጮ የመጣ ካርድማ ከመሰካቱ በፊት በላዩ ያሉት ሜሞሪዎች በቦታቸው መጥበቃቸው መታየት አለበት።

አሁንም ካልተነሳ ካርዱ ወደ ሌላ፣ ጤነኛነቱ ወደ ታወቀ ስሎት ይዛወራል። ብልሽቱ ካርዱን ተከትሎ ከሄደ ካርዱ ነው፤ በስሎቱ ከቀረ ቻሲሱ ነው። ውጤቱ ግልጽ እንዲሆን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ አለበት፤ ስሎትና ሶፍትዌር አብረው ከተለወጡ ካርዱ ቢነሳም ምክንያቱ አይታወቅም። ሙሉ የራስ ፍተሻ ማዘዝም የሚገባው እዚህ ነው። ከፍተሻዎቹ አንዳንዶቹ ትራፊክ ስለሚያቋርጡ ሌሊት ወይም እሑድ ይመረጣል።

ካርዱ በርቶ የተወሰኑ ፖርቶች ብቻ ሲጠፉ ቁጥራቸው ይናገራል። አንድ ፖርት ከሆነ ኬብሉን፣ የፋይበሩን ጫፍና ፋይበሩ የሚሰካበትን ኤስኤፍፒ መቀየር ይቀድማል። ስምንት ወይም አሥራ ሁለት ተከታታይ ፖርቶች አብረው ከሄዱ ግን የጋራ ቺፓቸው ነው፤ ጠጋኝ የለውም፣ ካርዱ ይቀየራል። በክረምት መብረቅ ከተሰማ በኋላ የተበታተኑ ፖርቶች ከሄዱ ደግሞ እያንዳንዱ ኬብል የሚሄድበትን ሕንፃ መከተል ነው። ሕንፃ ከሕንፃ በመዳብ ኬብል የተገናኘበት ቦታ ሁሌም ተጠርጣሪ ነው። መስመሩ በፋይበር እስካልተተካና ቻሲሱ ወደ መሬት በደንብ እስካልታሰረ ድረስ አዲሱ ካርድ የሚቀጥለውን ክረምት አያልፍም።

በምርመራ መበላሸቱ የተረጋገጠ ካርድ ከደህናዎቹ ጋር በአንድ ሳጥን አይቀመጥም። መለያ ቁጥሩ፣ የነበረበት ስሎት፣ የሶፍትዌሩ እትም፣ የመጨረሻው መልእክት ቃል በቃልና ቀኑ በወረቀት ተጽፈው ይለጠፉበታል፤ ዋስትናው ካላለቀ አምራቹ ወይም አቅራቢው የሚጠይቀው እነዚህኑ ነው። ዋስትና ለሌለው ካርድም ወረቀቱ ያስፈልጋል። ምንም ያልተጻፈበት ካርድ ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ባለሙያ እጅ ከመጋዘን ወጥቶ እንደ መለዋወጫ ይሰካል።